ኦሪት በአራስ ቤት

«እታለም፣ ለወንድ ልጅ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ። እግዚአብሔርም ያዳላል ማለት ነው?» ነው ያልሽኝ? እስቲ ልጅቱን ወዲህ ስጪኝ፤ እኔ እያስገሳኋት እመልስልሻለሁ፣ አንቺ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ብዪ። ደግሞ ድምፅሽን አትቀንሺ። አማትሽ ቢሰሙስ? ስድስት ወልደው ስድስት ጊዜ አራስ ቤት የተኙ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳያስቡት የቀሩ እንዳይመስልሽ።

ባሕር ዳር ተምረሽ ስለተመለስሽ ብቻ የመጣልሽ ጥያቄም አይደለም። በደሴታችን በደቅ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያውን ቀን የቆጠረች ሁሉ በሆዷ ጠይቃዋለች። አንቺ አፍ አውጥተሽ ተናገርሽው፣ ደግ አደረግሽ። ሆድ ውስጥ የከረመ ጥያቄ ይመርራል። መጀመሪያ ሕጉ ያስጠላል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ ይሸሻል፣ በመጨረሻ ሰውየው እግዚአብሔርን ራሱን ተቀይሞ ቁጭ ይላል። እኔ የምፈራልሽ ያንን ነው፤ ጥያቄውንማ ምን አስፈራኝ።

በመጀመሪያ የተጻፈውን እንየው። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጣላው ሲወራ ከሰማው ጋር ነው፣ የተጻፈውን አያየውም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 አጭር ናት፣ ስምንት ቁጥር ብቻ። ወንድ የወለደች 7 ቀን፣ ቀጥሎ 33 ቀን ትቆያለች፤ 40 ይሆናል። ሴት የወለደች 14፣ ቀጥሎ 66፤ 80 ይሆናል። አንቺ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሽው። ወረድ ብትዪ ግን ቀኑ ሲሞላ የምታቀርበው መሥዋዕት ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑን ታገኚ ነበር፤ የዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ። ሴት ናት ተብሎ ጠቦቱ አይቀነስም፣ ወንድ ነው ተብሎ አይጨመርም። የመጨረሻዋ ቁጥር ደግሞ ለኔ ከሁሉ ትበልጥብኛለች። ጠቦት መግዛት ያልቻለች እናት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ብታመጣ ይበቃታል ትላለች። እስቲ አስቢው፤ ሕጉ ገና ሲወጣ እጇ ባዶ የሆነችው ሴት ታስባለች። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እመቤታችን በአርባ ቀኗ ወደ ቤተ መቅደስ ስትወጣ ሉቃስ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚጠቅሰው እነዚያኑ ወፎች ነው፤ ስለ ጠቦት አንድም አላነሣም። በየዓመቱ የካቲት 8 ስምዖን አረጋዊን ስናስብ የምናስበው ያን ቀን ነው። የጌታ እናት ሕጉን የፈጸመችው በድሃ ዋጋ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ የቀነሰላት ልጇ ነው ብል ሊቃውንቱ የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

«ርኩሰት» የሚለው ቃል እንደሚያስቀይምሽ አውቃለሁ። ኦሪት ቃሉን አልተጠቀመችም ብዬ አልዋሽሽም። ግን በኦሪት እነማን ርኩስ እንደሚባሉ ተመልከቺ። ዘኍልቍ 19 የሞተ ሰው የነካ 7 ቀን ርኩስ ነው ይላል። እንግዲያው አባታችን ያረፉ ዕለት ያጠቧቸው፣ የገነዟቸው፣ ተሸክመው የወሰዷቸው ሰዎች ሰባት ቀን ርኩሳን ነበሩ ማለት ነው። ምን ኃጢአት ሠሩ? ሙት መቅበር እኮ ጽድቅ ነው፤ ጦቢት የተመሰገነበት ሥራ ነው። ኦሪት ብዙ ጊዜ ርኩስ የምትለው ሞትና ሕይወት በተገናኙበት ደጃፍ የቆመውን ሰው ነው፤ ሬሳ የነካውን፣ ደም የፈሰሰውን። አንቺም እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ነበር። ጀርባሽን የያዝኩት እኔ ነኝና አይቻለሁ። ከዚያ የተመለሰችን ሴት «በማግሥቱ ተነሺና እንደ ወትሮሽ ተመላለሺ» አለማለት ቅጣት ሆኖ አይታየኝም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌ ይነግርሻል። ኩፋሌን ሙሉውን በግዕዝ ጠብቃ ያቆየች የኛ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በዕብራይስጥ የተገኘው ቁርጥራጩ ነው። እዚያ እንደተጻፈው አዳም በመጀመሪያው ሳምንት ተፈጠረ፣ ሔዋን በሁለተኛው ሳምንት ወደ እርሱ መጣች፤ 7ቱና 14ቱ ከዚህ የመጡ ናቸው። አዳም በተፈጠረባት ምድር 40 ቀን ቆይቶ ኤደን ገነት ገባ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገባች። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሡት ይህን ተከትሎ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ቀኑን ሲቆጥሩ ወደ ገነት መግቢያውን ነበር የሚቆጥሩት። ልጅሽን ማንም ከደጅ አላባረራትም፤ በሔዋን መንገድ እየመጣች ነው። አላጠገበሽም፣ አይደል? እኔንም ይህ ብቻውን አላጠገበኝም። ስለዚህ ሌላ ልጨምርልሽ።

ወቅቱን አስቢው። ልጅሽ የተወለደችው ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው፤ አሁን ሐምሌም እያለቀ ነው። ዳጉሳው አረም ይፈልጋል፣ ማሳው ጭቃ ነው፣ ማገዶው ረጥቧል፣ ውኃው ከሐይቁ ይቀዳል። ይህ ሁሉ የሴት እጅ ይጠብቃል። እስቲ ሕጉን ከመሐል አንሺው። «ደህና ነሽ እኮ፣ ትንሽ ብትነሺ ምን አለበት» እስክትባዪ ስንት ቀን ይሞላ ነበር? ባልሽ ደግ ሰው ነው። አረም ግን ደግነትን ያስረሳል። አሁን ማንም አፉን አይከፍትም፤ «አራስ ናት» ካሉ ነገሩ አበቃ። ጎረቤት ቅቤውን፣ ማሩን፣ የገንፎ ዱቄቱን ይዞ ይመጣል እንጂ አካፋ ይዞ አይመጣብሽም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አካልሽ እስኪመለስ ስድስት ሳምንት ትልሻለች፤ 42 ቀን ነው። ኦሪት ከሷ ብዙም አልራቀችም።

እጥፉስ? ይህ የኔ ንባብ ነው፣ የኔታ ያስተማሩት አይደለም፤ ተሳስተሻል ካሉኝ እመለሳለሁ። ወንድ ሲወለድ እልልታው በሚበዛበት፣ ሴት ስትወለድ በሚያንስበት አገር ቶሎ ተነሺ የምትባለው የትኛዋ እናት ናት? ወንድ የወለደችው ትታቀፋለች፣ ትሞካሻለች። ሴት የወለደችው «ለሚቀጥለው ወንድ ያድርግልሽ» ተብላ ወደ ሥራዋ ትሸኛለች። እጥፍ ዕረፍት የተሰጣት ለዚያች ለሁለተኛዋ ነው። ሕጉ አዳልቷል ካልሽ እንግዲህ ለማን እንዳዳላ ልብ በዪ።

ከሐይቁ ወዲያ ጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ይህንኑ 40 እና 80 ቀን ይጠብቁ ነበር። ወላዷ ከመንደሩ ዳር በተለየች ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ የመርገም ጎጆ ይሏት ነበር። ስሟ ያስደነግጣል። ብርዱና ብቸኝነቱም ቀላል አይሆንም። ሆኖም እስራኤል ከገቡ በኋላ የዚያችን ጎጆ ዕረፍትና የሴቶቹን ጨዋታ እንደናፈቁ የተናገሩ ሴቶች አሉ። አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትጣዪ።

አንቺ ልጅ፣ ኦሪትን የምታነቢው ከመካከል ጀምረሽ ነው፤ ችግሩ እሱ ነው። ሰው ደብዳቤን ከመካከሉ ቢያነብ ማን እንደጻፈለት እንኳ አያውቅም። ከዘጸአት ጀምሪ። የፋሲካው ሌሊት ምዕራፍ 12 ነው፣ ባሕሩ የተከፈለው ምዕራፍ 14፣ አሠርቱ ትእዛዛት የተሰጡት ምዕራፍ 20። ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት እንኳ እግዚአብሔር ከባርነት ያወጣቸው እርሱ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ሕጉን ብትጠብቁ አወጣችኋለሁ አላላቸውም። መጀመሪያ አወጣቸው፣ መና አበላቸው፣ ከዓለት ውኃ አጠጣቸው፤ ከዚያ ተራራው ሥር አስቀምጦ ነፃ ሰው እንዴት እንደሚኖር ነገራቸው። ዘዳግም 7 ላይ ደግሞ ለምን እነሱን እንደመረጠ ሲናገር ስለ ብዛታችሁ አይደለም፣ ስለወደድኋችሁ ነው ይላቸዋል። ከዚህ ሌላ የጠቀሰው ለአባቶቻቸው የማለውን መሐላ ብቻ ነው።

እዚያው ዘዳግም ውስጥ ቆዪ። ምዕራፍ 24ን እኛ የገጠር ልጆች ከከተማው ሰው ይልቅ እንረዳዋለን። ለብድር መያዣ ብለህ የሰው ወፍጮ ወይም መጅ አትውሰድ ይላል፤ መጁን የወሰደ የሰውየውን ነፍስ ወሰደ። እናታችን መጁን ይዛ ስታጎነብስ እያየሽ ያደግሽ ነሽ፤ ይህን ላንቺ ማብራራት አያስፈልገኝም። ድሃው ልብሱን ቢያስይዝህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት፣ ለብሶት ይተኛ። ስታጭድ ነዶ ከረሳህ አትመለስ፤ ለመጻተኛው፣ ለሙት ልጅ፣ ለመበለቲቱ ነው። ቀጥሎ ምዕራፍ 25 ላይ በአውድማ ለሚያበራየው በሬ እንኳ አፉን አትሰር ይላል። እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ይዞ ስለ አንድ መጅ፣ ስለ አንድ ጋቢ፣ ስለ በሬ አፍ ይናገራል። ለማይወደው ሰው እንዲህ የሚጨነቅ ማን አለ?

ስለዚህ ሕግ ባነበብሽ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቂ፤ ይህ ሕግ ማንን ያሳርፋል? እኔ እንዲህ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ዘሌዋውያን አላስመረረኝም።

ሁሉም ይበራልሻል አልልሽም። በድንጋይ ይወገር የሚሉት ቦታ ስደርስ እኔም እቆማለሁ። ያኔ ዮሐንስ 8ን እከፍታለሁ፤ ያችን ሴት ይዘው ሲመጡበት ሕጉን የሰጠው ራሱ ጎንበስ ብሎ በምድር ላይ ሲጽፍ አያለሁ። ድንጋዩ ከእጃቸው ወደቀ፣ ሴቲቱ ቀረች። አባቶች ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ብለው በቅደም ተከተል የሚያስተምሩት ለዚህ ይመስለኛል።

ደግሞ የኛን አገር ነገር እዪ። በየመቅደሱ ያለው ጽላት ሙሴ የተቀበለውን የሕጉን ጽላት የሚያስታውስ ነው። ሥጋ ወደሙ የሚከብረው በዚያ ላይ ነው። ጣና ቂርቆስ የምትከበረውም ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት አርፋባታለች በሚለው ትውፊት ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ታቦት በካህን ራስ ላይ ሆኖ ወደ ውኃ ሲወርድ አንቺ እልል ያልሽው፣ ወጣቱ የጨፈረው፣ አማትሽ መሬት የሳሙት ለምን ይመስልሻል? ሰው ለማስፈራሪያ እልል አይልም። ትእዛዝ የተጻፈበትን ድንጋይ የሚያስታውሰውን ታቦት በወርቅ ጥልፍ አልብሶ፣ ጥላ ዘርግቶለት በጭፈራ የሚያጅብ ሕዝብ፣ በአንደበቱ ባያብራራውም በእግሩ ገብቶታል።

ቅዳሜን እንውሰድ። ከደጃፍሽ ቆመሽ የዳጋ ደሴት ትታይሻለች። ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፅማቸው ካረፈው ነገሥታት መካከል ዐፄ ዳዊትና ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አሉ። ሁለቱም ስለ ቅዳሜ ሰንበት ብዙ የደከሙ ናቸው። ነገሩ የጀመረው ከእነሱ በፊት ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው አስተማሩ፤ ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር በ1352 (እ.ኤ.አ.) ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ተከለከሉ፣ ተገፉ፣ ግን ቅዳሜያቸውን አልተዉም። በ1404 ዐፄ ዳዊት እንዳይነኩና ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሸዋ ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር ተወሰነ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳትም ተስማሙ።

መቶ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ቀን! ሞኝነት ይመስላል። ያ ቀን ለማን እንደተሰጠ ዘዳግም 5ን ካላየሽ ማለቴ ነው። ዘጸአት ሰንበትን ሲያዝ ምክንያቱ የዓለም መፈጠር ነው። ዘዳግም ላይ ምክንያቱ ተለወጠ፤ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህ አለ። ስለዚህ ሎሌህ ይረፍ፣ ገረድህ ትረፍ፣ በሬህና አህያህ ይረፉ፣ በደጅህ ያለው መጻተኛ ይረፍ። ባለቤቱማ በማንኛውም ቀን ማረፍ ይችላል፣ ማን ይከለክለዋል? ሰንበት የተሰጠው «ዛሬ ደክሞኛል» ማለት ለማይችለው ነው። እናታችን ቅዳሜ መጁን አትነካም ነበር። እጇ የሚድነው ያን ጊዜ ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለአውሮፓ ሰዎች በጻፉት የሃይማኖት መግለጫም ይህንኑ አሳይተዋል። ቅዳሜን ውኃ ሳንቀዳ፣ እሳት ሳናነድ ተጨንቀን አንውልም፣ ቁርባን እያቀረብን፣ ማዕድ እያደረግን እናከብረዋለን የሚል ነው ሐሳቡ። በክልከላ ይታወቅ የነበረው ቀን ወደ ማዕድ መጣ። በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቅዳሜን ማክበር ሲከለከልና እምነቱ ሲለወጥ የንጉሡን የጦር አለቃ ባሏን ትታ የወጣችው፣ በዚህ በጣና ዳር ወንድና ሴት መነኮሳትን የሰበሰበችው ወለተ ጴጥሮስ ናት (1592–1642)። በቋራጣ ደብሯ ስምሽን ያስጠሩልሽ ቅድስት እሷ ናት፤ ታውቂያታለሽ። ሕግ ሸክም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ራሱ «ተዉት» ሲል ሰው እሰየው ብሎ ይጥለው ነበር።

ግን ሌላውንም ልንገርሽ፤ አለዚያ በግማሽ እውነት እሸነግልሻለሁ። ለሎሌውና ለበሬው ዕረፍት የወሰኑት እኚያው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሕግ ስም ብዙ ሰው አስገርፈዋል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ስላሉ የደረሰባቸውን መስማት ይከብዳል። የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ባዕድ አምልኮ አላቸው ተብለው ተከሰው በግርፋት እንደሞቱ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። (የዳጋው እስጢፋኖስ ሰማዕቱ ነው፤ የተገረፉት የአባ እስጢፋኖስ ልጆች ናቸው። ንጉሡ ግን በእስጢፋኖስ ስም በተጠራ ደብር ማረፋቸው ያስገርመኛል።) ያው ሰው፣ ያው መጽሐፍ። ሰንበትን ሲያነቡ ባሪያው ታይቷቸዋል፣ ሌላውን ሲያነቡ ጅራፉ ብቻ ታያቸው። ሕጉ ፍቅር ቢሆንም የያዘው እጅ ሁሉ ፍቅር አይደለም። በመንደራችንም የትንንሹ ጅራፍ ባለቤት ብዙ ነው፤ አታውቂያቸውም እንዴ?

ዳጋን ካነሣን አይቀር፣ እዚህ ደቅ ተወልደሽ በየቀኑ የምታያትን ደሴት መርገጥ አትችይም፤ ሴት አይገባባትም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ይህ ያናድድሽ እንደሆነ ተናደጂ፤ እኔም ሁልጊዜ ደስ አይለኝም። ይሁን እንጂ ሴት ወደዚህ ደሴት አትሻገር የሚል ቃል በኦሪትም በወንጌልም የለም። ያ ሥርዓተ ገዳም ነው፤ መነኮሳቱ ራሳቸውን ለመጠበቅ በራሳቸው ዙሪያ ያጠሩት ነው። የመነኩሴን አጥር በእግዚአብሔር አታሳብቢ። ደግሞም በዚሁ በደቅ ዳርቻ ናርጋ ሥላሴ አለልሽ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ሴት ናቸው፣ እቴጌ ምንትዋብ። ገብተሽ ሥዕላቸውን እዪ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር በግምባራቸው ወድቀዋል። ማንም አልከለከላቸውም፣ አንቺንም ቀንሽ ሲሞላ ማንም አይከለክልሽም።

የገዳም ሥርዓት ሁሉ አጥር ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ቃል ነው ይላሉ። ባሕር ዳር ስትመላለሺ ከጀልባው ላይ አይተሽዋል። ሌላው ዳርቻ ተራቁቶ ዘጌ በቡናና በዛፍ ተሸፍኖ የቀረው በዚያ ቃል ነው። ቃሉን ያወጡት አባት ስለ ደን ጥናት ያነበቡ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ከሰሞኑ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። አንቺ ደግሞ ትናንት «እጾማለሁ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። በሕጉ ተቀይመሽ ስታበቂ ሕጉ ያላዘዘሽን ልትጨምሪ ነው እንዴ? ፍልሰታን ሁሉ ይወዳታል፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይጾማታል፣ ከምግብ ይልቅ ቅዳሴው ያጠግበዋል። አውቃለሁ። ነገር ግን ሰባት አጽዋማት ያሏት፣ ምእመኗን በዓመት ወደ 180 ቀን የምታስጾም ቤተ ክርስቲያን የታመመውን፣ አራሷን፣ የምታጠባዋን፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን አታስገድድም። ፍትሐ ነገሥቱም ለድውይ ፈቅዷል። ጾሙን የሠራው ፈቃዱንም ሠርቷል። ሁለቱ አንድ ላይ ነው ሕጉ፤ አንዱን ቆርጠሽ «እኔ ጻድቅ ነኝ» ብትዪ ሕግ አልጠበቅሽም። በአማራ ክልል ካህናት ይህን በዐውደ ምሕረት እንዲያስተምሩ ከጤና ባለሙያ ጋር ብዙ ተደክሟል። ሴቱ ግን አሁንም ይጾማል፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ነው ነገሩ። ጾም ለጎረቤት ሲሆን ረኃብ ብቻ ይሆናል።

ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ተዪው። ጣና ዳር ተወልዶ ያን ክርክር ያሸነፈ ሰው አላየሁም። አንቺ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ብዪ። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ ለልጅቱ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስትጀምር ሁዳዴ ይደርሳል፣ ያኔ «ድስቱ ይፈሰካል» ተብሎ የሷ ወተትና እንቁላል እንዳይቀር። ብዙ ቤት ሕፃኑ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ማንም ጹም ሳይለው የድስቱ ጾም ይደርሰዋል። ትንሿን ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቼ ከመደቡ በላይ አስቀምጬልሻለሁ። ለሷ ብቻ ናት። ሽሮ እንዳይሠራባት ለቤቱ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። በጓዳ አትጠይቂያቸው፤ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ አማትሽ ባሉበት፣ ባልሽም ቁጭ ባለበት ጠይቂያቸው። «አባ፣ አጠባለሁና ፍልሰታን ምን ላድርግ?» በዪ። የሚሉሽን ሁሉም ይስማ። ጾሙ ካሳሳሽ በምትኩ ዳዊት ልድገም በያቸው፤ አለዚያም ለምስኪን የሚሰጥ ነገር ያዝዙሻል። እሳቸው እሺ ካሉ በኋላ ማንም በጓዳ የሚያጉረመርምብሽ አይኖርም።

አማትሽ ምናልባት «እኔ ስድስቱንም ጾሜ ነው ያጠባሁ» ይሉሽ ይሆናል። አትከራከሪያቸው፣ እውነታቸውን ነው። «እማማ፣ እርስዎንስ ማን አሳረፈዎ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ወሬው ቡናው በረካ እስኪደርስ አያልቅም፤ ጀበናውን ቶሎ አታስነሺ።